ሳትሰራ የተመረቀች ሳይክል

ብስክሌት መስራት ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው መቀጠሉ ነው። ይህን የምለው ልፈላሰፍ ብዬ አይደለም። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው በረንዳዬ የልብስ ማስጫ ቦታ እስክታጣ ድረስ በተጀመሩ ብስክሌቶች ተሞልታ ስለነበር ነው። አንደኛዋ መሪ አላት፤ ጎማ የላትም። ሁለተኛዋ ጎማ አላት፤ ጎማው የሚገባበት ነገር የላትም። ሦስተኛዋ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መቀመጫና ደወል ብቻ ናት። እንግዳ ሲመጣ ደወሏን አንዴ ደወል አደርግና "ይቺ እየተሰራች ነው" እላለሁ። ባለቤቴ ሰናይት እንግዳውን ሸኝታ ስትመለስ ታዲያ፣ ከኔ ጋር ከተጋባን ወዲህ በዚህ ቤት ተሰርቶ ያለቀ ነገር ያየችው ሽሮ ብቻ እንደሆነ ትነግረኛለች።

በሽታው የያዘኝ አንድ ቅዳሜ ነው። ቆራሌው አሮጌ ዕቃ እየለቀመ በብሎካችን ስር ሲያልፍ፣ የዛገ የብስክሌት ቴላዮ፣ ማለትም ጎማም መሪም የሌለው ባዶ አጥንት፣ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ አየሁት። ሰውን የታመመ ውሻ ያሳዝነዋል፣ የተጣለች ድመት ታሳዝነዋለች፤ እኔን ቴላዮ አሳዘነኝ። ገዝቼ አራት ፎቅ ተሸክሜ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እግሬ ወደ ቤት፣ ዓይኔ ወደ ቆሻሻ ሆነ። ቢሮዬ መገናኛ ነው፤ ከሥራ ስወጣ የአባዶን ታክሲ ሰልፍ እይዛለሁ፤ ዳር ላይ የወደቀ ብረት ካየሁ ግን ሰልፌን ጥዬ እሄዳለሁ። የአባዶን ሰልፍ ጥሎ የሚሄድ ጤነኛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ቀን ቸርኬ አንገቴ ላይ አጥልቄ ሚኒባስ ስገባ፣ ወያላው ከላይ እስከ ታች አየኝና የቀረውን መኪና የት ጣልከው አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ሌላኛው ጎማ ከየት ይገኛል እያለ ነበር።

ሞራል ግን አስቸጋሪ ነገር ናት። እንደ አባዶ ውሃ በፈረቃ ነው የምትመጣው፤ ስትመጣ ደግሞ እቤት አትገኙም። ማታ ማታ ስልኬ ላይ አንድ ጢማም ፈረንጅ ከዛገ ብረት ወርቅ የመሰለ ብስክሌት ሲሰራ አያለሁ። ጋራዡ የኔን ሳሎን ከነመኝታ ቤቱ ጠቅልሎ ይውጣል። እሱ መፍቻ ሲፈልግ መፍቻው በቦታው ተሰቅሎ ይጠብቀዋል፤ እኔ መፍቻ ስፈልግ የማገኘው የሽንኩርት ቅርጫት ውስጥ ነው። አይቼ አይቼ ደሜ ይሞቃል፤ ብድግ እላለሁ። ይሄኔ መብራት ይሄዳል። መብራቱ ሲመለስ ሞራሉ ሄዷል። ጠዋት በረንዳው ላይ ስወጣ የእንጦጦ ሰንሰለት ከነባህር ዛፉ ከሩቅ ይታየኛል፤ እዚያ ቁልቁለት ላይ በገዛ እጄ በሰራኋት ብስክሌት ስወርድም ይታየኛል። ከመታየት ግን አልፎ አያውቅም።

እንዲህ እየጀመርኩ እየተውኩ በሰላም እኖር ነበር፤ አፌ ባይኖር ኖሮ።

ከብሎካችን ግራውንድ ላይ ጋሽ ሚፍታህ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከመገናኛ ካራ ሚኒባስ የነዱ ሰው ናቸው። ቀኝ ጉልበታቸው ታሞ ከቆየ በኋላ አልታጠፍ ብሎ ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ሚኒባሱም ተሸጠ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ነጃት ናት፤ እሷም ትዳሯም ኑሮዋም ጅማ ነው። መስጊዱ ለእግራቸው ስለሚርቅ በባጃጅ ይሄዳሉ። አንድ ቀን አብሬያቸው ተሳፈርኩና ልብ ብዬ አየሁ፤ የባጃጁ ልጅ ማርሽ በቀየረ ቁጥር፣ ከኋላ የተቀመጡት ጋሽ ሚፍታህ በግራ እግራቸው ፍሪሲዮን ይረግጣሉ። እግራቸው ሥራ መፍታቱን ገና አልሰማም ነበር።

አንድ እሁድ የብሎኩ ሰው ስለ ውሃ ታንከሩ ለመነጋገር ታች ተሰብስበን ሳለ፣ ጋሽ ሚፍታህ ለአረፋ ነጃት መጥታ ጠቅልላ ልትወስዳቸው መሆኑን ነገሩን። ብቻህን ከቤት ወጥተህ መግባት እስካልቻልክ ድረስ እኔ እንቅልፍ የለኝም ብላቸዋለች። ልጅቷ አልተሳሳተችም፤ ይህንን እሳቸውም ያውቃሉ።

"ጅማ መልካም አገር ነው" አሉ። "ግን እኔ እዚያ ማንን አውቃለሁ? እዚህ እኮ መንገዱ ራሱ ያውቀኛል።"

ሰው ሁሉ ዝም አለ። ዝምታ ደግሞ ለኔ አይሆነኝም፤ የሆነ ነገር ካልሞላሁበት ያመኛል። "ጋሼ፣ እኔ ባለ ሦስት ጎማ ሳይክል እሰራልዎታለሁ፤ በአንድ እግር የምትነዳ" አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ትችላለህ ወይ ብለው አልጠየቁኝም። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጉልኝ ጀመር። እጄ እንዲባረክ፣ ልፋቴ ፍሬ እንዲያፈራ፣ እኔም በስተርጅና ጧሪ እንዳላጣ። የብሎኩ ሙስሊም አሚን አለ፣ ክርስቲያኑ አሜን አለ። ሰናይት ብቻ አላለችም፤ እጇን አገጭዋ ላይ አድርጋ ታየኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በደጃቸው ባለፍኩ ቁጥር ተመረቅሁ። ሥራ ስሄድ እመረቃለሁ፣ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ እመረቃለሁ። እርግማን ቢሆን አስታራቂ ልኮ ይቅርታ ጠይቆ ማስነሳት ይቻላል። ያልሰሩበት ምርቃት ግን በማን በኩል ይመለሳል? በኋላ በኩል ባለው ደረጃ ዞሬ መግባት ብጀምር፣ በኋላ መስኮት አይተው መረቁኝ።

ስለዚህ ጀመርኩ። ካራ ያለ አንድ በያጅ ያንን የመጀመሪያውን ቴላዮ ቆርጦ ከኋላው ለሁለት ጎማ የሚሆን ብረት በየደልኝ። አንደኛው የኋላ ጎማ ከሌላኛው በጥቂቱ ስለሚበልጥ ሳይክሏ ወደ ግራ ዘንበል ትላለች፤ እኔ ስታይል ነው እላለሁ። ሰንሰለቱን፣ ጥርሶቹንና ፔዳሉን በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስቤ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩ። እዚያ ላይ ሞራሌ አለቀች። ከረጢቱም አቧራ ጠጣ።

አንድ ቅዳሜ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ጢማሙ ፈረንጅ የጀመሩትን አለመተው ስለሚባለው ነገር ሲያስተምር እያየሁ፣ ሰናይት ከበረንዳ ይሄ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ይፈለጋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም "እም" አልኩ። ፈረንጁ ትምህርቱን ሲጨርስ ደሜ ሞቆ ብድግ ብዬ በረንዳ ብሄድ ከረጢቱ የለም፤ በቦታው አንድ ቀይ ሳፋ ተቀምጧል። ልዋጭ አልፎ ነበር፤ ሳፋና ጆግ ተሸክሞ እየዞረ በአሮጌ ዕቃ የሚቀይረው ሰውዬ። ሰናይት ጥሩ ቀይሬያለሁ ብላ ደስ ብሏታል።

ሳፋውን ይዤ ሮጥኩ። ሳፋ የያዘ ሰውዬ አላያችሁም ብዬ ጠየቅሁ፤ እያየነው ነው አሉኝ። ሦስት ብሎክ እንዳለፍኩ አንዲት ሴትዮ አስቆሙኝና አሮጌ ሱሪ አውጥተው፣ በዚህ ላይ ስንት ጆግ ትጨምራለህ ብለው ተከራከሩኝ። እኔ ልዋጭ አይደለሁም ብል፣ ታዲያ ሳፋውን ምን ያዞርሃል ብለው ተቆጡ። ሰውዬውን ያገኘሁት ካራ ደርሶ፣ ዕቃውን ሊያስረክብ ሲል ነው። አስረዳሁት፤ ስለ ጋሽ ሚፍታህ ሁሉ ነገርኩት። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝና የተለዋወጠ አይመለስም አለ። ዓይኑ ግን ጫማዬ ላይ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ደህናውን የቆዳ ጫማዬን ሰጥቼ የገዛ ሰንሰለቴን ወሰድኩ። ደግ ሰው ስለሆነ በባዶ እግሬ እንዳልሄድ ያለቀ ነጠላ ጫማ መረቀልኝ። ሳፋውንም አልተቀበለኝም፤ እሱ በሕጋዊ መንገድ የእናንተ ነው አለኝ።

ምን ይደረግ፣ ጫማ የተከፈለበት ሰንሰለት ይከበራል። ያን ሳምንት ገጠምኩት፤ ሳይክሏም ታች ብሎኩ ስር በሦስት እግሯ ቆመች። ነገር ግን አንድ ችግር አለ። ሰው በአንድ እግሩ ብቻ ፔዳል ሲረግጥ ፔዳሉ ታች ይደርሳል። ወደ ላይ ማን ይመልሰዋል? ፈረንጁ ሁለት እግር ስላለው ይህንን አላስተማረም። አስቤ አስቤ ሲያቅተኝ፣ ራሴን ጋሽ ሚፍታህ ላድርግ አልኩ። ቀኝ እግሬን ከታፋዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በጣውላ ደግፌ፣ በሰናይት አሮጌ ሻርፖች ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። ወጥቼ ተቀመጥኩ፣ ረገጥኩ፤ ሄድኩ። ሁለተኛ ስረግጥ ፔዳሉ ታች ቀረ፣ ግራ እግሬ ተንሸራቶ አመለጠው፣ መሪው ወደ ልብስ ማስጫው ገመድ ዞረ፤ የሰው አንሶላ ፊቴ ላይ ተጠምጥሞ መሬት ላይ ተዘረርኩ።

መጀመሪያ የደረሱት እትዬ በላይነሽ ናቸው፤ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ የሰፈሩን ሐዘንም ደስታም ከባለቤቱ ቀድመው የሚሰሙ ሴት። አንሶላውን ገለጥ አድርገው የታሰረውን እግሬን አዩ። "ይሄ ልጅ እግሩን ተሰብሯል" አሉ። "ወጌሻም አስሮታል።" አንዱ ጎረቤት እግሩ ታስሮ እንዴት ሳይክል ይነዳል ብሎ ቢጠይቅ፣ ሕመሙ አናቱ ላይ ወጥቶ ነው አሉት። አፌን ከአንሶላው እስካወጣ ድረስ ሁለተኛ ፎቅ አድርሰውኛል።

"ደህና ነኝ" አልኳቸው። በእኛ አገር ደህና ነኝ የሚል ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ደህና የሆነና ሊሞት የደረሰ። አነጋገራቸው አንድ ስለሆነ ማንም አይለያቸውም። ደህና ነኝ ባልኩ ቁጥር ከንፈር ይመጠጣል። ሻርፑን ልፈታ እጄን ስሰድ ያዙኝ፤ ወጌሻ ያሰረውን ያለ ቀኑ የፈታ ሰው ዕድሜ ልኩን ያነክሳል። አልጋ ላይ አስተኙኝ። ወሬው በብሎኩ ተዳረሰ፤ ብርቱካን መጣ፣ ሙዝ መጣ፣ ለስላሳ በካሳ መጣ፣ የአጥንት ሾርባ በጆግ መጣ። እያንዳንዱ ጠያቂ እግሩን የተሰበረ ዘመድ አለው፤ ከነዚያም ውስጥ የዳነው ጥቂቱ ነው።

ሰናይት ከገበያ ስትመለስ በሩ ላይ የሰው ጫማ ተደርድሮ አይታ፣ እየጮኸች ልትገባ ምንም አልቀራት። ጎንበስ ስትልልኝ እውነቱን በጆሮዋ ሹክ አልኳት። ቀና ብላ ብርቱካኑን አየች፣ ሾርባውን አየች፣ እንባቸውን የሚጠርጉትን እትዬ በላይነሽን አየች።

"አሁን ይህንን ሁሉ ምን ብዬ ልመልሰው?" አለች በሹክሹክታ። "ለዛሬ ታመም።"

ታመምኩ። በማግስቱም እሁድ ስለነበር ጠያቂው ጨመረ፤ እኔም ቀጠልኩ። አልደብቃችሁም፣ ብርቱካኔን እየላጥኩ አንድ ሐሳብ ሽው አለብኝ። ለመተው ምክንያት ስፈልግ ከርሜ ነበር፤ ይኸው ሰፈሩ በሙሉ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ አምጥቶልኛል። እግሩን የሰበረን ሰው ሳይክሉን ለምን አልጨረስክም የሚል የለም።

ይህንን እያሰብኩ ሳለ ከደረጃው በኩል ድምፅ መጣ። የዱላ ድምፅ፣ ቀጥሎ የእግር፣ ቀጥሎ ረጅም ዝምታ። እንደገና ዱላ። ቤት ያለው ሰው ወሬውን አቁሞ አዳመጠ። ብዙ ቆይቶ በሩ ላይ ጋሽ ሚፍታህ ታዩ። ያቺ የማትታጠፍ እግራቸውን እየጎተቱ አራት ፎቅ ወጥተዋል። ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ ወንበር ሲሰጣቸው ትንፋሻቸው እስኪመለስ አልተናገሩም።

"ልጄ፣ አፉ በለኝ" አሉ። "በእኔ ምክንያት ነው።"

"ኧረ ጋሼ፣ ምንም አልሆንኩም።"

"ሳይክሉ ይቅር፣ ተወው። እኔም ከነጃት ጋር እሄዳለሁ፤ ጅማም የአላህ አገር ነው። ዱዓዬ ግን ያንተው ነው፤ አይመለስም።"

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ተነስቼ ተቀመጥኩና ሻርፖቹን መፍታት ጀመርኩ። እትዬ በላይነሽ ዓይናቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ጣውላውን ጥዬ ቆምኩ፤ ከአልጋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አልጋው በሁለት እግሬ ሄድኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገር፣ ስለ ፔዳሉ፣ ስለ ጣውላው፣ ስለ አንሶላው ተናገርኩ። ሰናይት ወደ ኩሽና ጠፋች። መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ሚፍታህ ናቸው፤ ዱላቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ፤ ሌላውም ተከተለ። እትዬ በላይነሽ ብቻ አልተዋጠላቸውም፤ እስከ ዛሬ የወጌሻውን ሰፈር ንገረኝ ይሉኛል፤ ትከሻቸውን ያማቸዋል።

ሳቁ ሲያበቃ ግን ጋሽ ሚፍታህ መውረድ አልቻሉም። ለእንዲህ ያለ ጉልበት ከመውጣቱ መውረዱ ይብሳል። ጎረምሶች ከነወንበራቸው አንስተው ያወርዷቸው ጀመር። ጎረምሶቹ ይጫወታሉ፣ ይቀልዳሉ፤ እሳቸው ከንፈራቸውን ገጥመው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። በየመታጠፊያው ግራ እግራቸው አየሩ ላይ ፍሪሲዮን ይረግጥ ነበር። ያንን ቆሜ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ሞራልን ጠብቄ አላውቅም። ስትመጣ እንኳን ደህና መጣሽ፤ ባትመጣም መፍቻዬን ከሽንኩርቱ ውስጥ አውጥቼ እወርዳለሁ። ለካ ሥራ የሚያስጠላኝ ፈረንጁን ሳስብ ነው እንጂ ያቺን ወንበር ሳስብ አይደለም። የፔዳሉም መልስ ከውድቀቴ ተገኘ። እግሬ ያመለጠው ልቅ ስለሆነ ነው፤ ፔዳሉ ላይ ቢያያዝ ሲወርድ ይገፋዋል፣ ሲወጣ ይስበዋል። የቢሮ ቦርሳዬን ማንገቻ ቆርጬ ፔዳሉ ላይ ማቀፊያ ሰራሁ። ጣውላዋንም አሳጥሬ ለማይታጠፈው እግር መዘርጊያ አደረግኳት። ፍሬኑን የሞከርኩት ከሰፈራችን በላይ ባለው የእንጦጦ ጥግ ቁልቁለት ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ፍሬኑ አልያዘም፤ የያዘኝ የአንድ ገበሬ የገለባ ክምር ነው። ባለቤቱ መጥተው ከላይ ነው ወይስ ከታች የመጣኸው ብለው ጠየቁኝ። ፈታሁ፣ አጠበቅኩ፣ መልሼ ወጣሁ፤ በሳምንቱ ገለባውን በሩቁ ሰላም ብዬ አለፍኩ።

ጋሽ ሚፍታህ ሳስረክባቸው መኪና እንደሚገዛ ሹፌር ዞረው ዞረው አዩዋት። ጎማውን በዱላቸው መቱ፣ ፍሬኑን ጨበጡ፣ ጎንበስ ብለው ከስር አዩ። ወደ ግራ ማዘንበሏን አይተው ምንም አላሉም። ስፖኪዮ የላትም፣ ስፖኪዮ የሌለው ነገር አልነዳም አሉ። ሰናይት የፊት መስተዋቷን አምጥታ መሪው ላይ አሰረችላቸው። ለካ ያቺ ሴት አሜን ብላ ኖሯል፤ ድምፅዋን ነው ያላሰማችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ብሎኩን ይዞሩ ጀመር፤ መጀመሪያ ሰው እየደገፋቸው፣ ቆይቶ ሰው ከኋላ እየሮጠ፣ በኋላ ሰው መከተሉን ሲተው ብቻቸውን።

የአረፋ ዋዜማ ነጃት ከጅማ ደረሰች። ሻንጣዋን ይዛ የአባቷን በር ብታንኳኳ የሚከፍት የለም። ስልካቸው ላይ ብትደውል አይነሳም። ጎረቤት ወጣ፤ ጋሽ ሚፍታህን ከጠዋት ጀምሮ ያያቸው የለም፤ ሳይክሏም በቦታዋ አልነበረችም። ነጃት የምን ሳይክል ብላ ጠየቀች። የሁሉም ጣት ወደ እኔ ዞረ። ለአንድ እግር አባቷ ሳይክል የሰጠው ሰው እኔ መሆኔን ስትሰማ፣ በዓይኗ ያለችኝን በአፏ ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። ያ ሁሉ ቁልቁለት፣ ያ ሁሉ ሲኖትራክ ታየኝ። እባክህ አምላኬ፣ ምንም አይሁኑ እንጂ ዳግመኛ መፍቻ አልነካም ብዬ ተሳልኩ።

ደጋግማ ደወለች። በመጨረሻ ተነሳ። ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው፤ ከወዲያ መገናኛ፣ መገናኛ የሚል የወያላ ጩኸት ይሰማል። ካራ ናቸው፤ የድሮ ተራቸው ጋ።

"አባዬ፣ የት ነህ? ማን ወሰደህ?"

"ማንም አልወሰደኝም" አሉ። ድምፃቸው ችኩል ነው፤ ሥራ ያለው ሰው ድምፅ። "እየነዳሁ ነው። እየነዳሁ ስልክ እንደማላወራ ታውቂያለሽ።"

ዘጉት።

ነጃት ስልኩን እንደያዘች ቀረች። ፊቷ ላይ ሳቁና ልቅሶው ሲገፋፉ አየሁ። ቆይታ ወደ እኔ ዞረች።

"ፍሬኑ ይይዛል?" አለችኝ።

"ይይዛል" አልኳት።

ሻንጣዋን ግድግዳው ጥግ አስቀመጠችና የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷን በሁለት እጇ አቅፋ መንገድ መንገዱን ማየት ጀመረች። ልጅ ሳለች አባቷ ከሥራ እስኪገባ እንዲህ ነበር የምትጠብቀው አለችን።